የሕክምና መመሪያዎች አጻጻፍ፦ ይዘት እያለ መዋቅር ሲጎድል

የሕክምና መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተከታታይ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም። አንባቢው በአብዛኛው ጊዜ ያጠረውና የታመመ ሰው ከፊቱ ያለ ባለሙያ ነው። በጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ መመሪያውን የምትገልጠው ስለ ተቅማጥ ሥርጭት ለማጥናት ሳይሆን፣ ከፊቷ ያለው የ5 ወር ሕፃን ዚንክ በስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ቀን ሊሰጠው እንደሚገባ ለማረጋገጥ ነው። መልሱን ቶሎ ካላገኘች መጽሐፉን ዘግታ በምታስታውሰው ትሠራለች። የምታስታውሰው ትክክል ከሆነ መልካም ነው፤ ጊዜ ያለፈበት ከሆነ ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በሕፃኑ ላይ ነው። መመሪያውን ያዘጋጀው ኮሚቴ ትክክለኛውን መልስ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተጻፈ መልስ ሁሉ የሚገኝ መልስ አይደለም።

መመሪያዎች በሙያው ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚተቹት በይዘታቸው ነው። የተመሠረቱበት ማስረጃ ጠንካራ ነው ወይ? የተመረጠው መድኃኒት በአገር ውስጥ ይገኛል ወይ? አዘጋጆቹ የጥቅም ግጭት የለባቸውም ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። አጻጻፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊና የማተሚያ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ዓለም አቀፉ የመመሪያ መመዘኛ እንኳ ይህን አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በ2010 የተሻሻለው አግሪ የተባለው መመዘኛ በ6 ዘርፎች የተከፈሉ 23 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ከዘርፎቹ አንዱ የአቀራረብ ግልጽነት ነው። በዚህ ዘርፍ ሥር ምክሮቹ የማያሻሙ መሆናቸው፣ የሕክምና አማራጮቹ በግልጽ መቀመጣቸውና ዋና ዋናዎቹ ምክሮች በቀላሉ የሚገኙ መሆናቸው ይመዘናል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የብዙ መመሪያዎች ድክመት ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከአሠራር ጉድለት የሚመነጭ ሆኖ ይገኛል። ጉድለቱን ለማረምም አዲስና ውድ የኮምፒዩተር ሥርዓት መጠበቅ አያስፈልግም።

የተለመደው አንቀጽና ጉድለቶቹ

ጉዳዩን ለማሳየት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ነገር ግን ለማንኛውም የጤና ባለሙያ እንግዳ የማይሆን አንድ አንቀጽ እንመልከት፦

«ተቅማጥ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከፍተኛ ሕመምና ሞት ከሚያስከትሉ በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋነኛው የሕክምና ዓላማ ድርቀትን መከላከልና መተካት ነው። ለዚህም ኦ.አር.ኤስ መስጠት የሚገባ ሲሆን፣ ዚንክም የተቅማጡን ቆይታ ስለሚያሳጥር እንደ ሕፃኑ ዕድሜ 10 ወይም 20 ሚ.ግ. ለ10 – 14 ቀን መስጠት ይመከራል፤ እናትየውም ጡት ማጥባቷን እንድትቀጥል መምከርና አደገኛ ምልክቶች ሲታዩ መላክ ያስፈልጋል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። ሆኖም አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ላይ ተቀላቅለዋል፦ የበሽታው መግለጫ፣ የሕክምናው ምክንያት፣ የመድኃኒቱ መጠንና ለእናት የሚሰጥ ምክር። ነርሷ የምትፈልገው መጠን በረጅም ዓረፍተ ነገር መካከል ተሰውሯል። «እንደ ሕፃኑ ዕድሜ» የሚለው ሐረግም 10ው ለየትኛው ዕድሜ፣ 20ው ለየትኛው እንደሆነ አይናገርም። አደገኛ ምልክቶች የተባሉት አልተዘረዘሩም። «ድርቀት» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛ የሆድ ድርቀትንም ስለሚያስታውስ፣ አንቀጹ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ማስተማሪያ በተቀዳ ቁጥር አሻሚነቱ አብሮ ይጓዛል። በዚያው ሰነድ ሌላ ገጽ ላይ ይኸው ሁኔታ «የሰውነት ፈሳሽ ማነስ»፣ በሌላው ደግሞ «የፈሳሽ እጥረት» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተጠቀሱ ሊመስለው ይችላል።

ይኸው ይዘት በመዋቅር ሲጻፍ መልኩ ይለወጣል፦

ርዕስ፦ ዚንክ ለተቅማጥ
ለማን፦ ተቅማጥ ለያዘው ከ5 ዓመት በታች ሕፃን
መጠን፦ ከ6 ወር በታች 10 ሚ.ግ.፤ 6 ወርና ከዚያ በላይ 20 ሚ.ግ.፤ በቀን አንድ ጊዜ
ቆይታ፦ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም
መነሻ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. 2004
ኃላፊና የመጨረሻ ክለሳ፦ የክፍሉ አዘጋጅ ስምና ቀን

ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው አዲስ ሳይንስ አልጨመረም። የጨመረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መረጃ የታወቀ ቦታ አግኝቷል። ሁለተኛ፣ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ወዲያው ይታያል። «መጠን» የሚል ርዕስ ካለና ከሥሩ የዕድሜ ክፍፍሉ ካልተጻፈ፣ ጉድለቱን ከነርሷ በፊት የሚያየው አርታኢው ነው። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የመዋቅር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ስሕተትን ከሕመምተኛው አልጋ ወደ አዘጋጁ ጠረጴዛ ይመልሳል።

ዕውቀት ሲለወጥ

የተለመደው አጻጻፍ ከባዱ ችግር የሚታየው መመሪያው በሚጻፍበት ቀን ሳይሆን ዕውቀቱ በተለወጠ ማግስት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በዚያው በ2004 መግለጫቸው የተሻሻለውን የኦ.አር.ኤስ ቅመራ መክረዋል። ጠቅላላ የኦስሞላሪቲ መጠኑ ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል በሊትር፣ ሶዲየሙም ከ90 ወደ 75 ሚሊሞል በሊትር ዝቅ ብሏል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2004 ውስብስብነት ለሌለው የፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ምርጫ የነበረው ሰልፋዶክሲን–ፒሪሜታሚን በአርቴሜተር–ሉሜፋንትሪን ተተክቷል። ውሳኔው አንድ ነበር። የወባ መድኃኒት ስምና መጠን ግን የሚጻፈው በአንድ ሰነድ ብቻ አይደለም። በወባ መመሪያው፣ በሕፃናት ሕክምና ሠንጠረዡ፣ በመድኃኒት ዝርዝሩ፣ በሥልጠና ጽሑፉ፣ በግድግዳ በተለጠፈው ሥዕላዊ መግለጫና በእያንዳንዱ ባለሙያ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይገኛል። እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው የተተየበ ከሆነ፣ ለውጡም በእያንዳንዱ ላይ ለብቻው መተየብ አለበት። አንዱ ከተረሳ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሰነዶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ።

በእነዚህ ምሳሌዎች የሚነቀፈው ለውጡ አይደለም። ሕክምና ካልተለወጠ አያድግም። የሚነቀፈው ለውጥ እንደሚመጣ እየታወቀ ለውጥን በማይቀበል መንገድ መጻፍ ነው። አንድ መጠን በ9 ቦታ ከተተየበ 9 የስሕተት በር ተከፍቷል። በአንድ ቦታ ተጽፎ ሌሎቹ ከዚያ የሚቀዱ ከሆነ ግን ጠባቂው አንድ፣ በሩም አንድ ይሆናል።

የመዋቅራዊ አጻጻፍ መነሻ

ይህ ሐሳብ በሕክምና ውስጥ የተወለደ አይደለም። ሮበርት ሆርን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሥራ ጽሑፍን አንድ አንድ ዓላማ ባላቸው፣ ርዕስ በተሰጣቸው ትናንሽ ክፍሎች የመከፋፈል ዘዴ ቀይሰው ነበር። በኋላም አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ለኮምፒዩተር ሰነዶቹ ያዘጋጀው ዲታ የተሰኘ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁሉም ክፍት የሆነ መስፈርት ሆኖ ጸደቀ። ዲታ ጽሑፍን በሦስት መሠረታዊ ዓይነቶች ይከፍላል፦ ምንነትን የሚያስረዳ፣ አሠራርን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይና ለማጣቀሻ የሚያገለግል። ክፍፍሉ ከሕክምና መመሪያ ጋር ያለ ብዙ ጥረት ይገጥማል። የበሽታው መግለጫና የምርመራ መስፈርቱ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ያልተነፈሰን አራስ ሕፃን መርዳት ወይም ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ መቅዳት ሁለተኛው ነው። የመድኃኒት መጠን ሠንጠረዥ ሦስተኛው ነው። ከላይ የተተቸው አንቀጽ ጥፋት ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰሩ ነበር።

ሕክምናም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ሎረንስ ዊድ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 የሕመምተኛ ካርድ በችግር ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበዋል። ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የሕመምተኛው ቃል፣ የምርመራ ግኝት፣ ግምገማና ዕቅድ የሚለው ቅደም ተከተልም ከዚያ የመጣ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከ2005 ጀምሮ የመድኃኒት መግለጫዎች ኮምፒዩተር ሊያነባቸው በሚችል የተዋቀረ ቅርጽ እንዲቀርቡለት አድርጓል። በ2006 ባወጣው ደንብም በሐኪሞች በሚነበበው መግለጫ አናት ላይ የዋና ዋና ነጥቦች ማጠቃለያ እንዲኖር ወስኗል።

በአገር ውስጥም የሚጠቀሱ ጥሩ አብነቶች አሉ። የተቀናጀ የአራስና የሕፃናት ሕክምና ሠንጠረዥ ምልክትን፣ ክፍፍልን፣ ሕክምናን በሦስት ዓምድ ለይቶ በሮዝ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ያስቀምጣል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን መሆኑን ለማወቅ ማንም ረጅም አንቀጽ አያነብም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያም በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀው ፓክ ከተባለ መመሪያ ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከምልክት ተነሥቶ ወደ እርምጃ ይመራል። አንድ መመሪያ ከአገር ወደ አገር ሊዛወር የቻለው ክፍሎቹ ተለይተው የተቀመጡ በመሆናቸው ነው። የአገሩ መድኃኒት ዝርዝር ሲለወጥ የሚነካው ቦታ ይታወቃልና።

በእጅ ያለው መሣሪያ

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የአቅም ነው። ለመዋቅራዊ አጻጻፍ የተሠሩ ፕሮግራሞች ውድ ናቸው፤ ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ መመሪያ የሚያዘጋጁት ሐኪሞችም ሥራቸው ሌላ ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን የሚያረጋግጠው ውድ ፕሮግራም አለመኖሩን እንጂ መሣሪያ አለመኖሩን አይደለም። በየጽሕፈት ቤቱ ያለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ከሚሠራበት በላይ አቅም አለው።

አብዛኛው ሰነድ በማይክሮሶፍት ዎርድ ሲዘጋጅ፣ ርዕስ ለመጻፍ ቃሉ ይመረጣል፣ ይደምቃል፣ መጠኑ ይተልቃል። ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን የደመቀ ቃል መሆኑን እንጂ ርዕስነቱን አያውቅም። በዚህ ምክንያት ማውጫው በእጅ ይተየባል፤ ገጽ ሲገፋም ማውጫው ሐሰት ይሆናል። በምትኩ «ስታይል» የተባለው አገልግሎት ቢሠራበት እያንዳንዱ ርዕስ በደረጃው ይታወቃል፣ ማውጫው በራሱ ይወጣል፣ የሰነዱ አጽም በጎን በኩል ይታያል። «ለማን»፣ «መጠን»፣ «ቆይታ» የሚሉት ንዑሳን ርዕሶችም የየራሳቸው ስታይል ተሰጥቷቸው በአንድ ቴምፕሌት ውስጥ አስቀድመው ቢቀመጡ፣ ደራሲው ከባዶ ገጽ ሳይሆን ከተዘጋጀ ቅጽ ይነሣል።

የመድኃኒት መጠንን በተመለከተ ሠንጠረዡ በአንድ ፋይል ተይዞ በሌሎቹ ሰነዶች ውስጥ በአገናኝ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ዎርድ የሌላ ፋይልን ጽሑፍ በአገናኝ ያስገባል፤ ዋናው ሲታረም ተቀባዩ ሰነድ ተመርጦ ኤፍ 9 የተባለው ቁልፍ ሲጫን አዲሱ ጽሑፍ ይተካል። በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስም ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ይህ ዲታ አይደለም። ፋይሎቹ ከቦታቸው ቢነሡ አገናኙ ይበጠሳል፤ ደራሲው ከቴምፕሌቱ ቢወጣ የሚያስቆመው የለም። ነገር ግን ለአንድ ትንሽ ኮሚቴ 9 ቅጂ በእጅ ከማረም እጅግ የተሻለ ነው። ኋላ የተሻለ ሥርዓት ሲገኝም በስታይል የተጻፈ ሰነድ ለማዛወር ይቀላል፤ በእጅ የተደማመቀው ግን እንደገና መሠራት አለበት።

በአማርኛ ለሚዘጋጁ ጽሑፎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዊንዶውስ ላይም በ2007 ቪስታ ከወጣ ወዲህ የራሱ የአማርኛ ፎንት አብሮ መጥቷል። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ፤ ቃል ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። እንዲህ ያለ ሰነድ የቱንም ያህል ጥሩ ይዘት ቢኖረው ሊታደስ አይችልምና፣ የመዋቅር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይኖርበታል። ከዚህ ጋር አንድ ገጽ የማይሞላ የቃላት ስምምነት ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ለምሳሌ «የሰውነት ፈሳሽ ማነስ» የሚለውን መርጦ ሌሎቹን መተው፣ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

መዋቅር የማይሠራው

ለመዋቅር ከሚገባው በላይ ዋጋ መስጠትም ሌላ ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች ያሉት አጭር ገጽ ነው። በ8 አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ግን በ101 ሆስፒታሎች ተግባራዊ ከሆነ በኋላ በ2014 በታተመው ጥናት በሞት ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ከልዩነቱ የሚወሰደው ትምህርት ጥሩ ቅጽ ብቻውን ሰው እንደማያድን ነው። ሳያስቡ ምልክት የሚደረግበት ቅጽ ከባዶ ወረቀት አይሻልም። የዊድ ቅደም ተከተልም በብዙ ቦታ የትላንቱን ማስታወሻ ዛሬ ለመገልበጥ የሚያመች ቅጽ ሆኖ መገኘቱን የሕክምና ክፍል ዙር የሚያካሂድ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአንድ ምንጭ መቅዳትም የራሱ አደጋ አለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 የልብና የሳምባ እርዳታን ቅደም ተከተል ለአዋቂዎችና ለሕፃናት ከአየር መንገድ–ትንፋሽ–ደረትን መጫን ወደ ደረትን መጫን–አየር መንገድ–ትንፋሽ ለውጧል። ለአራስ ሕፃን ግን ትንፋሽ እንደቀደመ ቀርቷል። ቅደም ተከተሉን በአንድ ቦታ አርሞ በሁሉም ሰነድ ውስጥ በአንድ ቁልፍ የሚተካ አዘጋጅ፣ «ለማን» የሚለው ርዕስ ከሌለ፣ በማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ስሕተት ይለጥፋል። በእጅ ሲተየብ የነበረው ስሕተት በአንድ ገጽ ይቀር ነበር፤ ይህኛው ሁሉም ገጽ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ለማን እንደተጻፈ፣ ከየት እንደተወሰደ፣ መቼና በማን እንደተከለሰ ተሸክሞ መሄዱ የጽሕፈት ጌጥ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

በመጨረሻም፣ መዋቅር ምክንያትን እንዳይውጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መመሪያ ባለሙያውን ወደ ቅጽ ሞይ ይለውጠዋል። ዚንክ ተቅማጡ ከቆመ በኋላም ለምን እንደሚቀጥል የማያውቅ ባለሙያ ለእናት ሊያስረዳት አይችልም፤ እናትም በሦስተኛው ቀን ታቋርጠዋለች። ምክንያት ከመጠኑ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታሰር ማለት አይደለም። የራሱ ቦታ ይኑረው፣ ግን ይኑረው።

ከየት ይጀመር?

ለውጡ የሚጀመረው ከመሣሪያ ግዢ ሳይሆን ከውሳኔ ነው። አንድ የመመሪያ ኮሚቴ አንድ በሽታ መርጦ፣ ምንነትን፣ አሠራርንና መጠንን በሦስት ዓይነት ክፍል ለይቶ በአንድ ቴምፕሌት ቢጽፍ፣ የመድኃኒት መጠኖቹን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ቢያስቀምጥና ለሠንጠረዡ በስም የሚጠራ አንድ ኃላፊ ቢመድብ፣ ሥራው በሳምንታት የሚያልቅ ነው። ከዚያም ረቂቁን ለኤክስፐርቶች ብቻ ሳይሆን ለአንድ ነርስ፣ ለአንድ ጤና መኮንንና ለአንድ አዋላጅ ሰጥቶ፣ አምስት ጥያቄዎች ጠይቆ፣ መልሱን እስኪያገኙ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት መለካት ይቻላል። ለዚህ ፈተና ላብራቶሪ አያስፈልገውም።

የሕክምና ማኅበራት፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት መመሪያ ሲገመግሙ ከማስረጃው ጥራት ጎን ይህንንም ጥያቄ ሊያነሡ ይገባል፦ መጠኑ በስንት ቦታ ተጽፏል? ነገ ቢለወጥ ማን፣ የት ያርመዋል? መልስ የሌለው መመሪያ በታተመበት ቀን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ግን ትክክል መሆኑን የሚያውቅ አይኖርም። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ይህን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅባትም። ከእርሷ የሚጠበቀው ገጹን መግለጥ ብቻ ነው፤ ቀሪው የአዘጋጆቹ ግዴታ ነው።